ሰንሩፍሽን ሲሊኮን ደግመሽ ከማስቀባትሽ በፊት

እህቴ ሰላም። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቱሉ ዲምቱ እንደምትኖሪ፣ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በሹፌሩ እግር ስር ያለው ምንጣፍ እየራሰ እንዳስቸገረሽ፣ ጋራዥ ወስደሽው የሰንሩፉን፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ያለውን ተከፋች መስታወት፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብተውልሽ 3 ቀን ሳይሞላው ውሃው እንደተመለሰ ጽፈሻል። አሁን ደግሞ መስታወቱን ዙሪያውን ካለው ማሸጊያ ጎማ ጋር ቀይሪ ብለውሻል። አትቀይሪ። በገዛ እጅሽ አንድ ሃይላንድ ውሃ አፍስሰሽ ሳታዪ ምንም ብር እንዳታወጪ።

እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ በየቀኑ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሬ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሲዘንብ ባደረ ማግስት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ከውስጥ መብራቱ ጥግ ቀዝቃዛ ውሃ ጉልበቴ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ዳገቱን ስወጣ ምንም አልነበረም፤ ሜዳው ላይ ስደርስም ቆመ። ማታ ቤት ስገባ ግን የግራው ምንጣፍ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። እኔም እንዳንቺው ሲሊኮን አስቀባሁ፤ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ነገሩ የገባኝ ጎረቤቴ የሆኑ ጡረታ የወጡ መካኒክ መኪናውን ሳይነኩ “የሚያፈሰው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ ነው።

የሰንሩፍ ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ ተብሎ አልተሠራም። አብዛኛውን ይመልሳል፣ የተረፈው ያልፋል፤ ያለፈውን የሚቀበል ከመስታወቱ ስር ዙሪያውን የተዘረጋ ቦይ አለ። የቆርቆሮ ቤት አሸንዳ በይው። ከአሸንዳው ማዕዘኖች በአብዛኛው 4 ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳሉ። የፊቶቹ ሁለቱ የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ በያዙት ቋሚዎች ውስጥ አልፈው በፊት በር ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፊት ጎማ ጀርባ ያፈሳሉ፤ የኋላዎቹ በኋላ ቋሚዎች ወርደው ከኋላ ጎማው ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ይወጣሉ። የቤት አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደፈን ውሃው በግድግዳ በኩል ሳሎን እንደሚገባ ሁሉ፣ የእኔ የግራ ፊት ቱቦ ተደፍኖ ሌሊት የተጠራቀመው ውሃ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ቁልቁል ስወርድ ወደ ፊት ይሮጥና መውጫ ሲያጣ በቦዩ ከንፈር ላይ ተርፎ ወደ መኪናው ኮርኒስ፣ ወደ ውስጥ ጣሪያው ልባስ፣ ይገባል። ጎማውን ብትቀይሪ ይህ ቱቦ አይከፈትም።

በመጀመሪያ ግን ውሃው የዝናብ መሆኑን አረጋግጪ። በደረቅ ቀን ኤሲ ስትከፍቺ የሚመጣና በተሳፋሪው በኩል የሚበዛ ከሆነ የኤሲው ውሃ መውረጃ ነው የተደፈነው። ሲነካ የሚያሟልጭ፣ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ውሃ ከሙቀት መስጫው እየፈሰሰ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ አሳዪ። የፊት መስታወት በቅርቡ አስቀይረሽ ከሆነም ማጣበቂያው ይጠረጠራል። አንቺ ከዝናብ በኋላ ብቻ፣ በሹፌር በኩል ስላልሽ ግን እኔ ቱቦውን ነው የምጠረጥረው።

ፈተናው እንዲህ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሚ። ሲሊኮን ስለተቀባ የመክፈቻውን ቁልፍ ዝም ብለሽ እንዳትጫኚ፤ መስታወቱ ተጣብቆ ከሆነ ሞተሩ ሲታገል ስቦ የሚከፍተው ካቦ ሊበጠስ ይችላል። ሲሊኮኑን በአሮጌ የሞባይል ካርድ ወይም በፕላስቲክ ቀስ እያልሽ ልጪው፤ ምላጭ ቀለሙን ይፈነቅለዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዓይነት ከሆነ ጨርሰሽ አስወግጂው፤ ቀለም በተጫረበት ቦታ ላሜራውን ያዝገዋል። ፍርፋሪው ወደ ቦዩ እንዳይገባ ተጠንቀቂ፣ እሱ ራሱ ቱቦውን ይደፍናል።

ከዚያ ክፈቺውና ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ማዕዘኖች የእርሳስ ውፍረት የሚያህል ቀዳዳ ታያለሽ። መጀመሪያ በደህናው በኩል፣ በቀኙ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በዝግታ አፍስሺ፤ አንድ ሰው ታች ሆኖ ይይልሽ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መሬት ላይ መውረድ አለበት። ቀጥሎ በግራው ሞክሪ። እኔ ስሞክር ቀኙ እንደ ጀበና አፍ ጥርት ብሎ ወረደ፤ ግራው ግን ቀዳዳው ላይ ውሃው ቆሞ ይመለከተኛል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በይ። ውሃው ቦዩ ውስጥ ከቆመ ቱቦው ተደፍኗል። ውሃው ቶሎ ወርዶ ታች ካልታየ፣ ምንጣፉም ከራሰ፣ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ከላይ ከተሰካበት ወልቋል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው፤ ሳትለዪ ጋራዥ ከሄድሽ አንዱን በሌላው ዋጋ ይሠሩልሻል። የኋላዎቹንም እንዲሁ ሞክረሽ አራቱም በደንብ ካወረዱ ደግሞ የውሃ ጎማ ይዘሽ ከታች ወደ ላይ ፈትሺ፦ መጀመሪያ ከዝናብ መጥረጊያው ስር፣ ቀጥሎ በሩን፣ በመጨረሻ ጣሪያውንና የፖርቶመጋላውን ብሎኖች። በእያንዳንዱ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ቆዪ፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በባትሪ ያብራ። ሁሉንም በአንዴ ካረጠብሽ ከየት እንደገባ አይታወቅም።

ለተደፈነ ቱቦ የሚያስፈልገው ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት ናይለን ክር ነው። ጫፉን በክብሪት አሙቀሽ አድቦልቡዪው፤ ስለታም ጫፍ ቱቦውን ይወጋል። ከላይ አስገብተሽ እያሽከረከርሽ ግፊ፤ ሲጠነክርብሽ በጉልበት አትግፊ፣ መልሰሽ አውጥተሽ ሞክሪ። ብረት ሽቦ አይሆንም። እኔ ሳሽከረክር ቆይቼ አንድ ጊዜ ለስለስ አለልኝ፣ ከታች በር ማጠፊያው ጋ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ጭቃ ብቅ አለ፤ ውስጡ የባሕር ዛፍ እምቡጥ ክዳን ነበር፣ ያቺ ትንሿ ቆብ። ከኋላው ውሃው ተከትሎ ወረደ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት ሳሙና እያደረግሽ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እጠቢው። ታች መውጫው ላይ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ የጎማ አፍ ያላቸው አሉ፤ የእናንተ ሰፈር ጭቃ እዚያ ይጋገራል፣ በሁለት ጣት እያሸሽ አፍርሺው።

ኮምፕረሰር እንዳታስነፊበት! ይህን የምለው በራሴ የደረሰውን ይዤ ነው። የቀኙን “ለጥንቃቄ” ብዬ አንድ ጎሚስታ ቤት አስነፋሁት፤ አየሩ ቱቦውን ኮርኒሱ ውስጥ ከተሰካበት ፈነቀለው። ደህና የነበረው ጎን በሚቀጥለው ዝናብ ማፍሰስ ጀመረ። እሱን ለመመለስ የጸሐይ መከላከያው፣ መያዣ እጀታዎቹ፣ የውስጥ መብራቱና የቋሚው ሽፋን ተፈትተው ኮርኒሱ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ግማሽ ቀን ሙሉ የፈጀ ሥራ ነው። ያንቺም ወልቆ ከሆነ ትዕግሥት ያለው የታፒሴሪ ባለሙያ ፈልጊ፤ ኮርኒስ አንዴ ከታጠፈ ምልክቱ አይጠፋም። ቋሚው ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ቱቦው ደርቆ ከተሰነጠቀ ቁራጩን ይዘሽ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂጂና በውስጥ ስፋቱ አንድ የሆነ ፈልጊ። እንደ ግሉኮስ ቱቦ ያለ ቀጭን ነገር እንዳይሰጡሽ፤ የእኛን ሐምሌ አይችለውም።

መስታወቱ ራሱ የሚጠረጠርበት ጊዜም አለ። ሲዘጋ ከጣሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በእጅሽ መዳፍ ዳብሺው። አንድ ጥግ ጎልቶ ከወጣ ወይም ከሰመጠ ማስተካከያ ብሎኖች አሉት፣ መቀየር ላያስፈልገው ይችላል። ጎማው ተቀዶ ወይም ጠፍጥፎ ካየሽው ያን ጊዜ ይቀየር። ናፍጣም ግሪስም አትቀቢው፣ ያሳብጠዋል። የማይከፈት ሙሉ መስታወት ጣሪያ ያላቸው መኪኖች ደግሞ በማጣበቂያ የታሰሩ ስለሆኑ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።

ምንጣፉን ቸል አትበይው። ላዩ በአንድ ቀን ጸሐይ ሲደርቅ ከስሩ ያለው ስፖንጅ ለሳምንታት ውሃ ይይዛል፤ ያ የከረመ ጆንያ ሽታ የሚመጣው ከእሱ ነው። በዚያ ስር የኤሌክትሪክ ሽቦና ማገናኛ ያልፋል፤ በወንበሩ ስር ያለው ማገናኛ ሲዝግ ዳሽቦርድ ላይ የኤርባግ መብራት ይበራል። የበሩን መረገጫ ፕላስቲክ ንቀዪና ምንጣፉን አንስተሽ እንጨት ደግፊበት፤ ከስሩ ጋዜጣ እያስገባሽ ሲርስ ቀይሪው። ሱሉልታ በክረምት ጸሐይ ስለማይገኝ እኔ ቤት ውስጥ ያለውን ቬንትሌተር አውጥቼ 4 ሌሊት አስነፋሁበት።

የእናንተ አካባቢ በበጋ የሚነሳው አቧራ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነው ጭቃ የሚሆነው። ስለዚህ እኔ ግንቦት ላይ ቦዩን ጠርጌ በአራቱም ውሃ አወርዳለሁ፤ መስከረም ላይ እደግመዋለሁ። 10 ደቂቃ አይፈጅም። ላቫጆ ስትገቢም የግፊት ውሃውን በቀጥታ የሰንሩፉ ጎማ ላይ እንዳይተኩሱበት ንገሪያቸው።

ነገ ጠዋት ዝናብ ሳይመጣ ሞክሪውና በግራው ያፈሰስሽው ውሃ ቦዩ ላይ ቆሞ ይሁን ወርዶ የጠፋ ጻፊልኝ፤ የመኪናውን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ጨምሪበት፣ መውጫው የት ጋ እንደሆነ አብረን እንፈልገዋለን።