የኮምፖስት ሻይን (ኮምፖስት የተነከረበትን ውኃ) በተክል ቅጠል ላይ ስለመርጨት፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ አዘገጃጀቱ እንዴት ነው?

መልስ፦ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ለአሥር እጅ ውኃ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍቱን አሳድሩት። ኮምፖስቱን በጆንያ ቋጥሮ መንከር ነው፤ የአየር ፓምፕ ካለ ከ24 እስከ 36 ሰዓት፣ ከሌለ ቶሎ ቶሎ ማማሰል። ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ይሁን። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ድፉት። በሻሽ አጥልሉ፤ እኔ በወንፊት ብቻ አሳልፌው የመርጫው አፍንጫ እየተደፈነ ግማሽ ቀን በእሾህ ስጎረጉር ውያለሁ። በዚያው ቀን ርጩት። የአረም መድኃኒት በያዘ መርጫ እንዳትነኩት! በጥሬው የሚበላ አትክልት ላይም አይረጭም፤ የፍግ ጀርም አብሮ ይሄዳል።

ከመራዊ፦ ዩሪያ ተወደደ። በቆሎዬን በዚህ ብቻ ላሳድገው?

መልስ፦ እናስላው። በሊትር አንድ ግራም ናይትሮጅን አለው እንበል፣ ቸር ግምት ነው። 16 ሊትር መርጫ 16 ግራም ያዘ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ዩሪያ 460 ግራም አለው። ያቺን አንድ ኪሎ ለመተካት 29 ጊዜ ሞልተህ ልትሸከም ነው! ያውም ቅጠሉ ሁሉንም ቢቀበልህ። የተክል አፉ ሥሩ ነው፤ በቅጠል የሚጠቅመው እንደ ዚንክና ብረት ያለ በጥቂቱ የሚፈለግ ንጥረ ነገር ነው። ኮምፖስቱን አፈር ውስጥ ጨምር፣ አተላውንም ሥር ሥሩ አድርገው። አፈርህ አሲዳማ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኖራ።

ከዘጌ፦ ተክሌ ቢጫ ሆነብኝ።

መልስ፦ የቱ ተክል? የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው? እንዲህ አትጠይቁኝ።

ከጎርጎራ፦ እንቦጩን ለምን ኮምፖስት አናደርገውም? ሐይቁም ይገላገላል።

ከፎገራ፦ ዘሩን ማሳችን ልታስገባ?

ከጎርጎራ፦ ደረቅ መሬት ላይ አይበቅልም።

ከፎገራ፦ የሩዝ ማሳ ደረቅ ነው እንዴ ወንድሜ?

መልስ፦ ፎገራ ልክ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሳያብብ የታጨደ፣ ክምሩም እየተገላበጠ በደንብ የጋለ ከሆነ ይሁን፤ ሩዝና ቦይ አጠገብ ግን አይደርስም። ወደ ርዕሳችን።

ከባሕር ዳር፦ ስንት ሰዓት ይረጭ?

መልስ፦ ማለዳ 12 ሰዓት ወይም ማታ ከ11 በኋላ። የቅጠሉን ጀርባም።

ከፎገራ፦ ሰላጣ ላይስ?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ።

ከዘጌ፦ ጫት ላይስ ጋሼ? እሱ አትክልት አይደለም።

መልስ፦ አብስለህ ነው የምትቅመው?