የጦር ካሚዮን ወደብ ላድርስ ወይ?

ጥያቄ፦ ቴክሳስ የምኖር የከባድ መኪና ባለቤት ነኝ። አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ መንግሥት ጨረታ ኤም 923 የሚባሉ ሁለት ባለ 5 ቶን የጦር ካሚዮኖች ገዝቷል። ቴክሳርካና አጠገብ ካለው ሬድ ሪቨር ከሚባል የጦር ሠራዊት ግቢ አንስቼ ሂውስተን ወደብ እንዳደርስለት ይፈልጋል። ከዚያ በጅቡቲ አድርጎ አዲስ አበባ ለግንባታ ሥራው ሊያስገባቸው ነው። «መሣሪያ የላቸውም፣ ተራ ካሚዮን ናቸው» ይለኛል። እኔን የሚያስጠይቀኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ከግቢው እስከ ሂውስተን ያለው መንገድ ቀላሉ ነው። ጣጣው ያለው ከወደቡ ወዲያ ነው።

መሣሪያ የላቸውም መባሉ እውነት ነው፤ ግን ነገሩን አይዘጋውም። ኤም 923 ለጦር ሠራዊት ተብሎ የተሠራ ነው። መትረየስ ባይጠመድበትም ከአሜሪካ ሲወጣ የንግድ ሚኒስቴሩን የኤክስፖርት ፈቃድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) የጦር ዕቃ ንግድ ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር ገብታለች። ወዳጅዎ ከማመልከቱ በፊት ዝርዝሩ ዛሬ ምን እንደሚል በጠበቃ ያጣራ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ጨረታ ካሸነፈ በኋላ ዕቃውን እንደፈለገ የሚያደርግ እየመሰለው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የት፣ ለምን እንደሚጠቀምበት ሞልቶ የሚፈርምበት ቅጽ አለ። እሱን ያሳይዎ። «ቴክሳስ ለእርሻ» ብሎ ፈርሞ አሁን ጅቡቲ የሚል ከሆነ ጭነቱን አይንኩት።

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ ምን አውቄ» ማለትም አያዋጣም። ሕጉ ፈቃድ እንደሌለ እያወቀ የሚያጓጉዘውንም ይይዛል፤ አይቶ እንዳላየ ያለፈውንም እንዳወቀ ይቆጥረዋል። እርስዎ ደግሞ ወንድሜ፣ መድረሻው አዲስ አበባ መሆኑን በጽሑፍ ነግረውኛል! በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ሆን ብሎ የጣሰውን እስከ 20 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀጣል።

ሌላው ታይትል፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ሰነድ ነው። መንግሥት ለገዢው ኤስኤፍ 97 የሚባል ቅጽ ይሰጣል፤ ታይትሉ የሚወጣው በእሱ ነው። ጉምሩክ መኪናውንና ታይትሉን ከአገር ከመውጣታቸው ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ ማየት አለበት። ታይትል በሌለበት ወደብ መሄድ ለፓርኪንግ መክፈል ብቻ ነው።

ስለ መንገዱ፦ አንዱ ካሚዮን ባዶውን 22,000 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱን ባንድ ላይ ከጫኑ ከነተጎታችዎ 80,000 ፓውንዱ ጣሪያ ላይ ነዎት፤ ስለዚህ አንድ አንድ ይውሰዱ። የጋቢናውን ሸራ ያንሱ፣ የፊት መስታወቱን ወደ ፊት ይጠፉት፤ ከፍታው ይቀንስልዎታል። ቴክሳስ ላይ ከነተጎታቹ 14 ጫማ ካለፈ ከክፍለ ግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ልዩ ፈቃድ ያውጡ። ማሰሪያው ከፊትም ከኋላም ሆኖ ከ4 አይነስ፤ እያንዳንዱም ቢያንስ 5,000 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ገዢው ስምዎን ጠቅሶ የውክልና ደብዳቤ ካልሰጠዎ ደግሞ ከግቢው በር ነው የሚመልሱዎት።

አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ኤክሳይዝ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 እንደ ዕድሜው ይከብዳል። ያንን ሒሳብ ወዳጅዎ ይሥራው።

የፈረመበት ቅጽ ከእውነቱ ጋር የሚስማማ ከሆነና ወዳጅዎ እዚያው ቴክሳስ ግቢ ካለው፣ የኤክስፖርት ፈቃዱ እስኪወጣ ካሚዮኖቹን ወደዚያ ቢወስዱለት ችግር የለውም። የጭነት ሰነዱ ላይ መድረሻው ያ ግቢ ይሁን፤ ወደ ወደብ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ የፈቃዱ ቅጂ እጅዎ ሲገባ በሌላ ውል ይሁን።