ቀንዱ የወደቀው አጋዘን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ሴቨንኦክስ አጠገብ ነው። ሚያዝያ ላይ ከልጄ ጋር ኖል ፓርክ ሄደን አንድ ቀንድ ብቻ የቀረው አጋዘን አየን። ሌላው ጭራሽ መላጣ ነበር። ልጄ «ማን መታው?» ብሎ አለቀሰ። ሳንድዊቹን ሊያበላው ሲል ከለከልኩት፤ አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንም አልመታውም። የዚያ አገር አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። ለልጅሽ ይህን ንገሪው።

ግራ ያጋባሽ ስማቸው አንድ መሆኑ ይመስለኛል። እኔ በባሌ ተራሮች ስካውት ሆኜ ዓመታት የተከታተልኩት ደጋ አጋዘን ቀንዱ እንደ በሬ ነው፤ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን፤ ከተሰበረ ተሰበረ፣ ምትክ የለውም። የኖሉ ግን ሁለመናው አጥንት ነው። በጸደይ ሲወድቅ አዲሱ ደም በሚመላለስበት ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለሱ፤ ያንን ቆዳ ከዛፍ ጋር እያሻሸ ሲልጠው ታዩ ይሆናል። ደም ብታዩ አትደንግጡ። ጥቅምት ላይ ግን ወንዶቹ በሴት ስለሚዋጉ ራቅ በሉ። መላጣው ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ግንባሩ ላይ ክብ ቁስል የሚመስል ካለ ወንድ ነው።

ሳንድዊቹን መከልከልሽ እሰየው ነው! የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፣ ዳቦ ሆዱን ያውከዋል። ደግሞም ከሰው እጅ መብላት የለመደ አጋዘን ነገ ሌላ ሕፃን ገፍትሮ ይጥላል።

ኖልን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቦርሺየር በ1456 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ አጋዘኖቹም የሚጠበቁት ለአደንና ለገበታ ነበር። በኋላ ሄንሪ 8ኛ ለራሱ ወሰደው። ዛሬ ሁለት ዓይነት አጋዘን አለ፤ ኖርማኖች ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ፋሎውና ዘሩ ከጃፓን የመጣው ሲካ። ተኩላ ስለሌለ ቁጥራቸውን የሚቀንሰው ሰው ነው። ይህን ለልጁ መቼ እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ስትመለሱ ዛፎቹንም እዩ። የታችኛው ቅጠል በመቀስ የተከረከመ ይመስል አንድ ልክ ላይ ያበቃል፤ የአጋዘኖቹ አፍ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። ልጅሽን ከሥሩ አቁመሽ ለኪው።