ከካርድ ወደ ኮሃ፦ «ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህት ዓለም። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሸዋ ሮቢት በቤተ መጻሕፍት 19 ዓመት ሠርተሻል። የካርድ ካታሎጉን መሳቢያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታውቂዋለሽ። አሁን ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ሲስተም መጣ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድሽ፣ ግን «ምንም አልያዘልኝም፤ አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ጥለውኝ ሄዱ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ጥቂት ዓመት ቀድሜሽ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ስለ ሥልጠናው። የእኔም እንደዚያው ነበር። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ለአራት ሰው አንድ ኮምፒውተር። አሠልጣኙ ከላይኛው ሜኑ ጀምሮ «ይሄ ለዚህ ነው፣ ያ ለዚያ ነው» እያለ ወረደ። ደብተሬ ሞላ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ግን እጄን የት ላሳርፈው ጠፋኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ራስሽ አታዙሪው። እኛ ሥራችንን የተማርነው አንባቢ መጥቶ ሲጠይቀን፣ መደርደሪያው ጋ ሄደን ስንፈልግለት ነው። ኮሃንም እንደዚያው ተማሪው።

አንባቢዎችሽ በቀን ደጋግመው የሚጠይቁሽን አንድ ጥያቄ ያዢ። እኔ ጋ «ይሄ መጽሐፍ ገብቷል ወይስ ሰው ወስዶታል?» ነበር። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ማዋስና መመለስን ብቻ ሠራሁ። ሌላውን ሜኑ አልነካሁትም። የአባሉን ካርድ፣ የመጽሐፉን ባርኮድ፣ በቃ። በሦስተኛው ሳምንት እጄ ራሱ ያውቀው ጀመር። ዕዳ ያለበትን ማየት፣ ጊዜ ማራዘም፣ ቦታ ማስያዝ ከዚያ ተከትለው መጡ።

ደግሞ ኮሃን አትፍሪው፣ ለእንደ እኛ ዓይነት ቤት የተሠራ ነው። የተጀመረው በኒውዚላንድ ነው፤ የትንንሽ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት አሠርተውት በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው፤ እውነትም በነፃ ሰጡት። የሚከፈተው በብሮውዘር ስለሆነ በስልክሽም ትለማመጂበታለሽ። ሰርቨሩ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ወረቀት እያወጣሁ ስንት ቀን ደከምኩ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካታሎጉ ላይ ነው አዲስ የተቀጠሩት ልጆች የሚፈልጉሽ።

አንድ ቀን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መጣች። ስለ አንኮበር የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠችና በሁለት ጣት «አጼ ሚኒሊክ» ብላ ጻፈች። ውጤት የለም። እንደገና ሞከረች፣ የለም። «የለም ይላል» ብላኝ ቦርሳዋን አነሳች። መጽሐፉ ከጀርባዋ ነበር። ሰማያዊ የጨርቅ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ከወንበሯ ሁለት ክንድ አይርቅም። እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት፤ «ዐፄ ምኒልክ» ብዬ። ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ እዚሁ ቅርባችን ሆኖ፣ በእኛ ቤት «የለም» መባሉ አንገበገበኝ። በካርዱ ጊዜ ቢሆን እኮ እኔን ትጠይቀኝ ነበር። አሁን ማሽኑን ጠየቀች፣ ማሽኑ የለም አላት፣ አመነችው።

ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። መጀመሪያው ፊደል አ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጼ ወይም ፄ። ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሆነ። ስሙን ደግሞ ሰው ምኒልክም፣ ሚኒሊክም፣ ምኒሊክም፣ ሚኒልክም ብሎ ይጽፋል። ስድስት ጊዜ አራት፣ 24። እኔና አንቺ አንድ ንጉሥ የምናይበት ቦታ፣ ኮምፒውተሩ 24 ነገር ያያል። ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት በዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸውና ለማሽኑ ሀ እና ሐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። አዲሶቹ ልጆች ጣታቸው ፈጣን ነው፣ እውነት ነው። ይሄን ግን ያለ አንቺ አያዩትም። የትኛው ደራሲ ስሙን በየትኛው «ኃ» እንደሚጽፍ፣ የትኛው መጽሐፍ በሁለተኛ እትም ርእሱን እንደቀየረ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። ርእሱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው እንጽፋለን፣ አናርምም። ይህ በኮሃ የመጽሐፍ መመዝገቢያ ገጽ ላይ 245 የሚባለው ቦታ ነው። ከዚያ 246 ላይ፣ ለተለዋጭ ርእስ በተሰጠው ቦታ፣ ያንኑ ርእስ በቀላሉ ፊደል እንደግመዋለን፦ ሁሉም ሀ፣ ሁሉም ሰ፣ ሁሉም አ፣ ሁሉም ጸ። «ሁሉም ሀ» ስል ድምፁን ጠብቆ ነው፤ «ኃይል» «ሃይል» ይሆናል። በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ወረቀት ለጠፍን፦ «ካላገኛችሁ በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ ጽፋችሁ ሞክሩ። ከዚያም ካጣችሁ እኛን ጠይቁን።» የመጨረሻዋን መስመር በትልቁ ጻፊያት።

የደራሲ ስም ሌላ ጣጣ አለው። ሲስተሙ በፈረንጅ ልማድ የአባትን ስም ከፊት ማድረግ ይወዳል። የእኛ ስም አይገለበጥም። የደራሲ ስም በሚገባበት በ100 ላይ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሳጥን 0 አድርጊያት፤ በራሱ ስም የሚጠራ ሰው ማለት ነው። 1 ካልሽ የቤተሰብ ስም ነው ማለትሽ ነው። ዓለማየሁንና አለማየሁን ለማገናኘት ደግሞ የስም መዝገቡ ውስጥ አንዱን ዋና አድርገሽ ሌላውን ለተለዋጭ ስም በተሰጠው 400 ላይ አስገቢ። በመጀመሪያው ሳምንት ይሄ ይቅርብሽ፣ በኋላ ትደርሺበታለሽ።

ዓመቱንም እይ። መጽሐፉ 1997 ካለ በእኛ አቆጣጠር ነው። እንዲሁ ብታስገቢው ማሽኑ የፈረንጅ 1997 ያደርገዋል፤ መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። እኛ «1997 [2004/2005]» ብለን ነው የምንጽፈው። ለጥናት የሚመጡት የዩኒቨርሲቲ ልጆች በዚህ ስንቴ ተሳስተዋል።

ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን እጅሽን አታድክሚ። ዜድ 39.50 የሚል ቦታ አለ። መጽሐፉ ላይ የታተመውን መለያ፣ የአይኤስቢኤን ቁጥሩን ስትሰጪው ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ሪከርድ ያመጣልሻል፤ መደርደሪያ ላይ ቦታውን የሚወስነው የምደባ ቁጥሩ ሳይቀር። ለዚህ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ እኛ ኔትወርክ ቀለል በሚልበት ጠዋት ነው የምንሠራው። የአማርኛ መጽሐፍም አንዳንዴ ይመጣል፤ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን መጻሕፍት ይሰበስባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ ነጥብና ሰረዝ በዝቶበት። የምደባ ቁጥሩን ውሰጂለት፣ ርእሱንና ስሙን በራሳችን ፊደል ጻፊው። ሳትጽፊ እንዳታልፊ፤ በላቲን የተቀመጠን የአማርኛ መጽሐፍ የትኛውም ልጅ ፈልጎ አያገኘውም።

የድሮ የመጻሕፍት ዝርዝር በኤክሴል ካላችሁ ሳትጫኚው ከፍተሽ እይው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ኮሃ ውስጥ ሲገባ ጥያቄ ምልክትና የላቲን ቅራቅንቦ ይሆናል። እኛ ሳናይ ጭነን ሁሉንም ማጥፋት ግድ ሆነብን።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎችም ጠይቀሻል። ቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፤ አዲስ የገባ መጽሐፍ ሽፋኑን ፎቶ አንስተሽ ልቀቂ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። የመጻሕፍት ፒዲኤፍ ላኪልን የሚሉሽ ይኖራሉ። አትላኪ፤ ደራሲው ከዚያ ነው የሚበላው። ከሁሉ የወደድኩት ኪዊክስን ነው። ዊኪፔዲያን አውርደሽ በአንድ ላፕቶፕ ታስቀምጫለሽ፣ ልጆቹ በዋይፋይ ራውተር ያለ ኢንተርኔት በስልካቸው ያነቡታል። ሙሉው እንግሊዝኛ ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋባይት ስለሚሆን፣ ከተማ የሚሄድ ሰው ሲኖር በሃርድ ዲስክ አስመጪው። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ በቀላሉ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተሩን በፓወር ባንክ ታስነሺዋለሽ፣ ቮልቴጁ መግጠሙን ግን አስቀድመሽ እይ።

ከአዲሶቹ ሠራተኞች ጋር ስላለውም ነገር ልበልሽ። እኔ አንዱን ልጅ አጠገቤ አስቀመጥኩት። እሱ ይተይባል፣ እኔ ስሙንና አጻጻፉን እነግረዋለሁ። በወሩ እኔ መተየብ ለመድኩ፣ እሱም «ይሄ በየትኛው ሐ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አንድም ስም አያስገባም።

ካርዶቹን እንዳታስጥያቸው። መሳቢያው ይቀመጥ። ኋላቸው ላይ በእጅሽ የጻፍሻቸው ማስታወሻዎች ሁሉ ሲስተሙ ውስጥ ይገባሉ።

ነገ የታሪክ መደርደሪያውን ያዢ። 20 መጽሐፍ ብቻ አውርጂ፣ ካርዶቻቸውን አጠገባቸው አድርጊ፣ በቀን አምስት አስገቢ። አምስቱን ስትጨርሺ አንድ ተማሪ ጥሪና «እስኪ ይሄን ፈልጊ» በያት፤ ምን ብላ እንደምትጽፍ ከጎኗ ቆመሽ እይ። የማይገኝ ካለ 246ቱን ጨምሪለት። እኛ የምንጠቀምባትን የአጻጻፍ ደብተር ፎቶ አንስቼ ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ የእናንተ አካባቢ ስሞች ግን የሉባትም፣ እነሱን አንቺ ጨምሪባት።