ከስፌት መኪናው ጀምሪ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽ የሥርዓተ ፆታ ታሪክ ልትሠሪ ነው፤ አማካሪሽ «ካሪን ሃውዘንን አንብቢ» ብለውሻል፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑና ከየትኛው ሥራቸው መጀመር እንዳለብሽ ግራ ገብቶሻል። እኔም በርሊን ስማር ከሃውዘን ጽሑፎች ጋር ሁለት ዓመት ያህል ስታገል ስለከረምኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃውዘን ጀርመናዊት የታሪክ ምሁር ናቸው፤ የተወለዱት በ1938 ነው። የዶክትሬት ሥራቸው ስለ ሴቶች መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ስለ ካሜሩን ነው። ከ1914 በፊት ጀርመን ካሜሩንን ስትገዛ የነጋዴው ጥቅምና የቅኝ አስተዳደሩ እንዴት እንደተያያዙ የሚመረምር ሲሆን፣ በ1970 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እንደ እኔ ግን በኋላ ስለ ቤትና ስለ ትዳር ሲጽፉም «ማን አተረፈ? ማንስ ከፈለ?» ሳይሉ የማያልፉት ከዚያ በያዙት ልማድ ነው። በ1978 በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1995 እዚያው የተቋቋመውን የሴቶችና የሥርዓተ ፆታ ጥናት ማእከል መሩ፤ በ2003 ጡረታ ወጡ።

ስማቸውን ያስጠራው በ1976 የወጣ፣ ሠላሳ ገጽ ገደማ የሆነ አንድ ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። «ወንድ በተፈጥሮው ንቁና አመዛዛኝ ነው፤ ሴት በተፈጥሮዋ ስሜቷ የሚያይልባት፣ ተቀባይ ናት» የሚለው አነጋገር በጀርመን ከመቼ ወዲህ መጣ? መልሱን ለማግኘት የቆዩ ኢንሳይክሎፒዲያዎችን ዘረጉ። በ1735 የታተመው የጸድለር ኢንሳይክሎፒዲያ ቅጽ ስለ ሚስት ሲያስረዳ፣ ያገባች፣ ለባሏ ፈቃድና ትእዛዝ የምትገዛ፣ ቤቱን የምታስተዳድር፣ በአገልጋዮቹም ላይ የተሾመች ሰው ይላታል። ልብ በዪ፤ ስለ ጠባይዋ አንድም ቃል የለም። የሚነግረን ቦታዋን ነው፤ ከማን በታች፣ ከማን በላይ እንደሆነች። በ19ኛው መቶ ዘመን የወጡትን ስትገልጪ ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ታገኚዋለሽ። የቤቱ እመቤትም ሆነች ውኃ የምትቀዳላት ሠራተኛ «ሴት» በሚል አንድ ስም ተጠቃለው፣ አንድ ዓይነት ተፈጥሮ ታድሏቸዋል።

ጽሑፉን ለራሴ ወደ አማርኛ ስመልስ የገጠመኝን ላጫውትሽ። «ሃውስፋተር» እና «ሃውስሙተር» የሚሉት የቆዩ የጀርመን ቃላት ጭራሽ አላስቸገሩኝም፤ አባወራና እማወራ ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «ገሽሌሽትስካራክተር» የሚለው፣ የጽሑፉ ዋና ቃል፣ ግን ሦስት ቀን አስለፋኝ። «የፆታ ጠባይ» ብዬ ተውኩት፤ እስከ ዛሬም አላረካኝም። የሃውዘን ነጥብ በትክክል የገባኝ ያኔ ነው። አባወራ የሚለው ቃል ሰውየው ኃይለኛ ይሁን ልበ ቡቡ አይነግርሽም፤ በቤቱ ያለውን ወንበር ብቻ ያሳይሻል። አዲሱ የጀርመኖች ቃል ደግሞ ወንበሩን ትቶ ወደ ሰውየው ሆድ ይገባል።

ለምን በዚያ ዘመን? ሃውዘን የተማረውን መካከለኛ መደብ፣ በተለይም የመንግሥት ሹመኛውን ቤት ያሳያሉ። ባል ቢሮ ይውላል፣ ሚስት ቤት ትቀራለች፤ የሥራ ክፍፍሉ «ተፈጥሯችን ነው» ሲባል የሚጠይቅ አይኖርም። ገበሬው ቤትማ ሁለቱም አብረው ነበር የሚለፉት። በኋላ ብዙ ሰዎች ይህን ገደብ ዘንግተው ሐሳቡን በጀርመን ሕዝብ ሁሉ ላይ ስለለጠፉት ትችቱ የበዛው በራሳቸው በሃውዘን ላይ ነው፤ ይህ ትንሽ ፍርደ ገምድልነት አለበት።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ። አማካሪሽ ቅር አይበላቸውና በ1976ቱ አትጀምሪ። በ1978 ስለ ልብስ ስፌት መኪና የጻፉትን አስቀድሚ። መኪናው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲመጣ ለሴቶች እፎይታ ነው ተብሎ ተሞገሰ። ሃውዘን ተከትለውት እቤት ይገባሉ። የበርሊን የልብስ ነጋዴዎች የተቆረጠ ጨርቅ በደላላ በኩል ቤታቸው ሆነው ለሚሰፉ ሴቶች ያድላሉ፤ መኪናውን ሴቲቱ ራሷ በየጊዜው እየከፈለች ትገዛለች፤ ቤት ኪራዩም፣ መብራቱም የራሷ ነው። ክፍያዋ ደግሞ ትንሽ ነው፤ «ባል አላት፣ ይህ መደጎሚያ ነው» ይባላላ። ባል የሌላትም የምትከፈለው በዚያው ዋጋ ነው። ማሽኑ ሴትን ከቤት አላወጣትም፤ ፋብሪካውን አምጥቶ አልጋዋ ሥር ዘረጋው እንጂ።

ይህን ሳነብ የመርካቶ በረንዳ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ በሲንገር መኪና እግራቸውን እያወዛወዙ የሚሰፉልን ወንዶች ነበሩ፤ ስፌት የወንድ ሥራ እንደሆነ አልጠራጠርም ነበር። በርሊን ደግሞ የሴት ጣት ለመርፌ ተፈጠረ ይሉ ነበር። አንዱ ብረት፣ ሁለት «ተፈጥሮ»!

እኔ ይህን መንገድ የያዝኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ አርባ ገጽ ፅንሰ ሐሳብ ነበር። አማካሪዬ በእርሳስ «ሰዎቹስ የት አሉ?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ በማግስቱ አርባውን ገጽ ወደ አምስት አወረድኩት።

ስፌቱን ስትጨርሺ ስለ እናቶች ቀን የጻፉትን አንብቢ፤ በ1984 የወጣ ነው። በዓሉ በ1923 ጀርመን የገባው በአበባ ነጋዴዎች ማኅበር ቅስቀሳ ነበር። ነጋዴዎቹ ገበያቸውን ከፍቅረ እናት ጀርባ እንዴት እንደሸሸጉት ስታዪ ትስቂያለሽ፤ ናዚዎች ሲረከቡት ግን ሳቁ ይቀራል።

የ1976ቱን ሦስተኛ አድርጊው። እሱን እንዳነበብሽ በ2012 የታተመውን የጽሑፎቻቸውን ስብስብ ፈልጊ፤ እዚያ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ራሳቸው ጽሑፍ ተመልሰው ሰዎች እንዴት እንደተቀበሉት ይተርካሉ። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይ «ሽፔትሌዘ» የሚል ቃል አለ፤ ዘግይቶ የሚለቀም የወይን ፍሬ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣፋጭ የሆነ ወይን ጠጅ ይጠመቅበታል። ጀርመንኛሽ ገና ከሆነ የ1976ቱ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። የእኔን የቃላት ማስታወሻ ከፈለግሽ ጠይቂኝ፤ ለ«የፆታ ጠባይ» የተሻለ አማርኛ ካገኘሽም ላኪልኝ።