ቨርጂኒያ ላይ «ሪክለስ» የሚል ቲኬት፣ ከፖሊስ ጋር መቆም እና ቢጫው አውቶቡስ

ጥያቄ፦ ልጄ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 35 ማይል በተለጠፈበት መንገድ በ57 ሲነዳ ተይዞ «ሪክለስ ድራይቪንግ» (በግድየለሽነት መንዳት) የሚል ወረቀት ተሰጠው። ከፍሎ ቢገላገል ምናለ? እሱ ግን «ፍርድ ቤት መቅረብ አለብኝ» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ መጨነቁ ልክ ነው፤ ይህ ቲኬት ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። በቨርጂኒያ ከተለጠፈው ወሰን 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል (137 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ የነዳ፣ የሚከሰሰው በወንጀል ነው። ጣሪያው 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው። ንጹሕ ሪከርድ ላለው ሰው በዚህ ፍጥነት እስራት እምብዛም አይፈረድም፤ ጉዳቱ ያለው ሪከርዱ ላይ ነው። 6 የጥፋት ነጥብ ይያዝበታል፣ ጥፋቱ መዝገቡ ላይ 11 ዓመት ይቆያል፣ ኢንሹራንሱም ይወደዳል። ግሪን ካርድ ላይ ከሆነ ደግሞ ለዜግነት ሲያመለክት መግለጽ አለበት።

ልጅዎ ያለፈው 22 ማይል ነው፤ ከ20 በታች ቢወርድ ነገሩ ተራ የፍጥነት ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት መኪናውን ጋራዥ ወስዶ የፍጥነት መለኪያውን ያስመርምር፣ የምርመራ ወረቀቱንም ይያዝ። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በ57 ሲሄድ ጌጁ 53 ያሳየው ከነበረ ዳኛው ይህን ማየት ይችላል። የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ሪከርዱን አውጥቶ፣ የ8 ሰዓቱን የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት አስቀድሞ ጨርሶ ቢቀርብም ይረዳዋል። ጠበቃ ቢይዝ ገንዘቡ የባከነ አይመስለንም። መቅረት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ውሳኔው ካልተስማማው ለሰርኪት ኮርት (ለበላዩ ፍርድ ቤት) ይግባኝ የሚለው በ10 ቀን ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ተራ የፍጥነት ቲኬትን በኢንተርኔት መክፈልም ጥፋትን ማመን ነው፤ እስከ 9 ማይል ያለፈ 3 ነጥብ፣ ከ10 እስከ 19 ያለፈ 4 ነጥብ ይያዝበታል። በ12 ወር ውስጥ 18 ነጥብ የሞላበት አዋቂ መንጃ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመኝ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ወርጄ አናግረዋለሁ። እዚያስ? (ከልደታ)

መልስ፦ እዚያ እንዳይወርዱ! ወርዶ ወደ ፖሊሱ መሄድ እንደ ማስፈራራት ሊታይ ይችላል። ቀኝ ጠርዝ ይዘው ይቁሙ፣ ሞተር ያጥፉ፣ መስኮት ዝቅ ያድርጉ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ያብሩ፣ ሁለት እጅዎን መሪው ላይ ያኑሩ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሲጠየቁ «እዚያ ነው፣ ላውጣ?» ብለው ነው እጅ የሚሰዱት። ቲኬቱ ላይ ሲፈርሙ እቀርባለሁ አሉ እንጂ አጠፋሁ አላሉም። በቦታው ገንዘብ አይሰጥም። ክርክር ካለ ለዳኛው ይቆየው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ የተማሪዎች አውቶቡስ ቢቆም እኔም እቆማለሁ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ አዎ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ መኪና ሁሉ ይቆማል፤ ልጆቹ መንገድ ሊሻገሩ ይችላሉ። ከመቆም ነጻ የሚሆኑት መሀል ላይ ግንብ ወይም ያልተነጠፈ አካፋይ ካለ ብቻ ነው። የተቀባ ቢጫ መስመር አካፋይ አይባልም። አውቶቡሱ ላይ ያለው ካሜራ ከቀረጸዎት 250 ዶላር ነው፤ ፖሊስ ራሱ ካየዎት ግን ይኸው ከላይ ያወራነው «ሪክለስ» ሊመጣ ይችላል።