ልብ ወለዳችሁን ለወኪል ከመላካችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከእናንተ ሦስት አራቱ ፒያሳ ቡና ስጠጣ ረቂቃችሁን ይዛችሁ እየመጣችሁ፣ ልብ ወለዳችሁን ለውጭ አገር የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች እንዴት እንደምታቀርቡ ስለጠየቃችሁኝ፣ በቃል ከምደጋግመው በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ።

በእኛ ዘንድ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ገንዘብ አሰባስቦ ያሳትማል፣ ራሱም ከአከፋፋይ ጋር ይከራከራል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ትልልቆቹ አሳታሚዎች በአብዛኛው ወኪል ያላቀረበውን ረቂቅ አይቀበሉም። ይህን ስነግራት አንዲት ጎረቤቴ «የመጽሐፍ ደላላ በሉኛ!» አለችኝ፤ ብዙም አልተሳሳተችም። ወኪሉ የሚያገኘው መጽሐፉ ሲሸጥ ብቻ ሲሆን፣ ድርሻውም በተለምዶ በአገር ውስጥ ሽያጭ 15 ከመቶ፣ በውጭ አገር ሽያጭ 20 ከመቶ ነው። ስለዚህ የማንበቢያ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ፣ ቤቱ ሳይሸጥ ኮሚሽን እንደሚጠይቅ ደላላ ቁጠሩትና እለፉት።

ከሁሉ በፊት መጽሐፉን ጨርሱ። እኔ በጎልማሳነቴ በእንግሊዝኛ የጻፍኳቸውን ሦስት ምዕራፎች ለአንድ ወኪል በፖስታ ልኬ፣ ከወራት በኋላ «ሙሉውን ላክልን» የሚል መልስ ሲመጣልኝ የምልከው አልነበረኝም። ጨርሼ ስልክለት ዓመት አልፎ ነበርና መልስ አላገኘሁም፤ ጥፋቱም የእኔው ነበር።

የሚላከው ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የታሪኩ አጭር ማጠቃለያና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ነው። የእንግሊዝ ወኪሎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ምዕራፍ ሲጠይቁ፣ የአሜሪካዎቹ ጥቂት ገጽ ይበቃቸዋል፤ እያንዳንዱ የሚፈልገውን በድረ ገጹ ስለሚገልጽ ያንኑ ተከተሉ። ደብዳቤው ላይ የወኪሉን ስም ሳትሳሳቱ ጻፉ፣ የቃላቱን ብዛትም ጥቀሱ፤ ለመጀመሪያ ልብ ወለድ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል የተለመደ ነው።

የሚያስቸግረን ማጠቃለያው ነው። ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገር እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር ያደግን ሰዎች የታሪኩን ፍጻሜ ገልጦ መጻፍ ነውር ይመስለናል፤ ወኪሉ ግን ታሪኩ የት እንደሚደርስና መድረሱም የሚያሳምን መሆኑን ማየት ስለሚፈልግ፣ ገዳዩንም ሟቹንም በግልጽ ልትነግሩት ይገባል። ከእናንተ አንዷ ያመጣችልኝ ማጠቃለያ «ታዲያ እህትማማቾቹ እውነቱን ያውቁ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ያበቃል። «ያውቃሉ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ስኒዋን እያሽከረከረች ቆየችና «ገና አልወሰንኩም፣ ጋሼ» አለችኝ። ረቂቋ 312 ገጽ ነበር፤ አለመጠናቀቁን የነገረን ያ አንድ ገጽ ነው።

የዚህችው ልጅ መጽሐፍ የሚጀምረው በፋሲል ግንብ ላይ በምትጠልቅ ፀሐይ ነበር፤ ሦስት ሙሉ ገጽ። ታሪኩ የሚነሣው ገጽ 19 ላይ፣ ታላቂቱ እህት ከእናቷ ሳጥን የቤቱን የሽያጭ ውል ስታገኝ ነው። ውሉን ወደ መጀመሪያው ገጽ አመጣችው። ግንቡም አልጠፋም፤ እህትየው ውሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሥሩ ታልፋለች።

በአማርኛ የጻፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ ዘመንና ሰዓታችንን አብራችሁ መልሱ። የ1966ቱን አብዮት እንዳለ ብትተዉት የውጭው አንባቢ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ 1974 ብላችሁ ጻፉ። እኔ በእነዚያ ሦስት ምዕራፎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያልኩትን እንዳለ በእንግሊዝኛ ብጽፈው፣ ለእነርሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆነና ምስኪኗን እናት በውድቅት ሌሊት ገበያ ሰደድኳት። ልጅቷም ይህንኑ በረቂቋ ውስጥ እየፈለገች ነው፤ እስከ ትናንት 11 ቦታ አግኝታለች።